በአማርኛ አፉን የፈታ ተማሪ መሠረታዊ የእንግሊዝኛ ሰዋስውን በራሱ እንዴት ይለማመድ?

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል አንሥቶ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ እንዲሰጥ አድርጓል። በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሰዋስው ሕጎችን ስም አያጣም። ፕሬዘንት ፐርፌክት (እንደ «አይ ሃቭ ወርክት» ያለው የግስ መልክ) እንዴት ይመሠረታል ቢባል ቀመሩን ያለ ችግር ይናገራል፤ የሥራ ማመልከቻ ለመጻፍ ወይም በቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ራሱ ለማስረዳት ሲነሣ ግን ያ ቀመር ከአፉም ከብዕሩም ይሸሻል። ሕጉን ያጠናው ከአራት ምርጫዎች አንዱን ለማክበብ ነበርና የራሱን ዓረፍተ ነገር ሠርቶበት አያውቅም።

ሌላም ነገር አለ። አማርኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ የሚሠራቸው ስሕተቶች እንዲሁ በዘፈቀደ የሚመጡ አይደሉም፤ አብዛኞቹ አማርኛ ሐሳብን ከሚያዋቅርበት መንገድ ስለሚመነጩ ቦታቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ የሰዋስው መጽሐፍን ከፊተኛው ገጽ እስከ ኋለኛው ከመከተል ይልቅ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩባቸውን ቦታዎች ለይቶ እነሱኑ ደጋግሞ መሥራት ብዙ ድካም ያተርፋል። ይህ መመሪያም የተዘጋጀው በዚያ መንገድ ነው። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን ያሰፈርኳቸው ድምፅዎን ከፍ አድርገው እንዲያነቧቸው ነው፤ ደብተርዎ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይጻፏቸው።

ደብተሩን ማዘጋጀት

ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል አንድ ደብተር ይያዙ። ደብተሩ ሲገለጥ በስተግራ ያለው ገጽ መጻፊያ፣ በስተቀኝ ያለው ማረሚያ ይሁን። ማታ በግራው ገጽ ላይ ስለ ውሎዎ ከአምስት እስከ ስምንት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ በማግሥቱ ጠዋት ያንኑ አንብበው በቀኙ ገጽ ላይ አርመው ይገለብጡታል። በመጻፍና በማረም መካከል አንድ ሌሊት እንዲያልፍ የሚደረገው፣ ሰው የጻፈውን ወዲያው ሲያነብ ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ትቶ በሐሳቡ ያለውን ስለሚያነብ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቅጠሎች ለስሕተት መዝገብ ይተዉ። በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 20 ደቂቃ መሥራት ይሻላል።

አንደኛ እርምጃ፦ የዓረፍተ ነገሩን ቅደም ተከተል መትከል

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱንም በግሱ ውስጥ ይሸከማል። «መጣች» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ ራሱን ችሎ ካልተነገረ ዓረፍተ ነገሩ አይቆምም፤ «ሺ ኬም» ማለት ግድ ነው። ምንም ሰው በሌለበት «ዘነበ» ለማለት እንኳ እንግሊዝኛ «ኢት ሬይንድ» ብሎ ባለቤት ያቆማል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ «እናቴ ትናንት ከገበያ ሽንኩርት ገዛች» ይሁን። ባለቤቱ በሁለቱም ቋንቋዎች መጀመሪያ ይመጣል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ግን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ያንብቡት፦ ገዛች፣ ሽንኩርት፣ ከገበያ፣ ትናንት። እንግሊዝኛው የሚፈልገው ቅደም ተከተል ይኸው ነው፤ «ማይ ማዘር ቦት ኦኒየንዝ አት ዘ ማርኬት የስተርደይ»። በሁሉም ዓረፍተ ነገር እንዲህ የተስተካከለ ባይሆንም ለቀላል ዓረፍተ ነገር እጅግ አስተማማኝ መንገድ ነው። በየቀኑ አምስት ዓረፍተ ነገር በዚህ መንገድ ቢገለብጡ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጅዎ ይለምደዋል።

እዚሁ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። «ራበኝ» እና «ደከመኝ» በሚሉት ግሶች ውስጥ ሰውዬው ተሳቢ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ባለቤት ሆኖ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ታየርድ» ይላል። «አለ» ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ ንብረትን ወይም ዝምድናን ሲያመለክት «አይ ሃቭ ኤ ብራዘር»፣ አንድ ነገር በአንድ ቦታ መኖሩን ሲያመለክት «ዜር ኢዝ ኤ ቡክ ኦን ዘ ቴብል» ይሆናል፤ ሁለቱን አደባልቆ «ዜር ሃዝ» ማለት አይቻልም። አክብሮታችንም በተውላጠ ስም ላይ አይተላለፍም፦ «አባቴ ደወሉ፤ እሳቸው ደኅና ናቸው» የሚለውን በትሕትና የሚጽፍ ሰው ሁለተኛውን ክፍል «ዜይ አር ፋይን» ቢለው አንባቢው ብዙ ሰዎች የተጠሩ ይመስለዋል። ትክክሉ «ሂ ኢዝ ፋይን» ነው፤ በእንግሊዝኛ አክብሮት በሌላ ቦታ ይገለጻል እንጂ በዚህ አይገለጽም።

ሁለተኛ እርምጃ፦ አም፣ ኢዝ፣ አርን ከሌላ ግስ ጋር አለማጋጨት

«አይ አም አግሪ»፣ «ሺ ኢዝ ወርክ»፣ «ዊ አር ጎ»። እነዚህ በየዕለቱ የሚሰሙ ስሕተቶች ናቸው። ከአም፣ ኢዝ እና አር ቀጥሎ ስም፣ ቅጽል ወይም ቦታ ይመጣል፤ ግስ የሚከተል ከሆነ ደግሞ «ኢንግ» መጨመር አለበት፤ «ሺ ኢዝ ወርኪንግ»። በጻፉት ገጽ ላይ አም፣ ኢዝ፣ አር ያሉበትን ሁሉ ያክብቡና ቀጥሎ ያለውን ቃል ይመልከቱ። ባዶ ግስ ካገኙ ከሁለቱ አንዱን ያድርጉ፦ «እየሠራች ነው» ለማለት ከሆነ «ኢንግ» ይጨምሩ፤ «ትሠራለች» ወይም «እስማማለሁ» ለማለት ከሆነ ኢዝን ወይም አምን ሰርዘው «ሺ ወርክስ»፣ «አይ አግሪ» ይበሉ።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ዱ፣ ደዝ እና ዲድ

አማርኛ ጥያቄን በድምፅ ቃና ብቻ መጠየቅ ይችላል። «ባንክ ትሠራለች» እና «ባንክ ትሠራለች?» በጽሑፍ የሚለያዩት በምልክቱ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለጥያቄም ለአሉታም ረዳት ግስ ያስገባል፤ ረዳቱ ሲገባ ደግሞ የሦስተኛው ሰው ምልክት ወይም የኃላፊው ጊዜ ምልክት ከዋናው ግስ ላይ ተነሥቶ ወደ ረዳቱ ይሄዳል። ይህን አንድ ነገር በሚገባ የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ሙሉ ሁለት ሳምንት ቢሰጡት አይቆጭዎትም።

አንድ ግስ ወስደው በአራት መልክ እየደረደሩ ጮክ ብለው ይበሉት፦

«ሺ ወርክስ ኢን ኤ ባንክ።»
«ሺ ደዝንት ወርክ ኢን ኤ ባንክ።»
«ደዝ ሺ ወርክ ኢን ኤ ባንክ?»
«የስ፣ ሺ ደዝ።»

በመጀመሪያው መስመር «ወርክስ» ላይ የነበረው የመጨረሻ ድምፅ በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመር «ደዝ» ውስጥ ገብቷል፤ በአንድ ጊዜ በሁለቱም ቦታ አይገኝም። ቀጥለው ያንኑ ወደ ኃላፊ ጊዜ ያምጡት፦ «ሺ ወርክት»፣ «ሺ ዲድንት ወርክ»፣ «ዲድ ሺ ወርክ?» «ሺ ዲድንት ዌንት» የሚለው ስሕተት የሚመጣው «አልሄደችም» ስንል የኃላፊ ጊዜው ምልክት በራሱ በግሱ ላይ ስለሚቀር ነው፤ በእንግሊዝኛ ዲድ ያንን ምልክት አንዴ ከወሰደው ዋናው ግስ ወደ መነሻ መልኩ ይመለሳልና «ሺ ዲድንት ጎ» ይባላል። የጥያቄ ቃል ሲኖርም ረዳቱ አይቀርም፤ «የት ትሠራለች?» የሚለው «ዌር ደዝ ሺ ወርክ?» ይሆናል። ረዳት የማያስፈልገው የጥያቄው ቃል ራሱ ባለቤት ሲሆን ነው፤ «ሁ ወርክስ ሂር?»

ለልምምዱ እነዚህን አሥር ግሶች ይጠቀሙ፦ ወርክ፣ ኩክ፣ ሄልፕ፣ ሊቭ፣ ጎ፣ ስተዲ፣ ባይ፣ ቲች፣ ዎች፣ ፊኒሽ። የመረጥኳቸው በድምፅ ስለሚለያዩ ነው። ከሂ፣ ሺ እና ኢት ጋር ሲነገሩ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መጨረሻቸው «ስ» ይሆናል፤ ወርክስ፣ ኩክስ፣ ሄልፕስ። ቀጣዮቹ አራቱ «ዝ» ይላሉ፤ ሊቭዝ፣ ጎዝ፣ ስተዲዝ፣ ባይዝ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ሙሉ ቀለም (ራሱን የቻለ የድምፅ ክፍል) ይጨምራሉ፤ ቲቺዝ፣ ዎቺዝ፣ ፊኒሺዝ። በኃላፊ ጊዜ ደግሞ በአጻጻፍ አንድ ዓይነት የሆነው መጨረሻ በወርክት፣ በኩክት እና በፊኒሽት «ት»፣ በሊቭድ እና በስተዲድ «ድ» ይሆናል፤ «ኢድ» ተብሎ ሙሉ ቀለም የሚጨመረው እንደ ዎንቲድ እና ኒዲድ ባሉ፣ መነሻቸው በት ወይም በድ በሚያልቅ ግሶች ላይ ብቻ ነው። «ወርክኢድ» የሚለው አነጋገር የሚቀረፈው ሕጉን በቃል በመያዝ ሳይሆን እነዚህን ቃላት ጮክ ብሎ በመደጋገም ነው።

ለአሉታዊ ጥያቄ የሚሰጠውንም መልስ አብረው ይለማመዱ። «አልበላህም እንዴ?» ተብለን «አዎ» ብንል አለመብላታችንን ማረጋገጣችን ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ግን የሚያየው ድርጊቱ መፈጸም አለመፈጸሙን ነው፤ ካልበሉ ጥያቄው በምንም መልክ ቢመጣ መልሱ «ኖ፣ አይ ሃቨንት» ነው። በሐኪም ፊት ወይም በኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

አራተኛ እርምጃ፦ የግስ ጊዜ

የመጀመሪያው ወጥመድ «እሄዳለሁ» ነው። በአማርኛ «ሁልጊዜ እሄዳለሁ» እና «ነገ እሄዳለሁ» በአንድ የግስ መልክ ይነገራሉ። ስለዚህ «ቱሞሮው አይ ጎ» ማለት ለእኛ ምንም የጎደለው አይመስለንም። «እ…አለሁ» የሚል ግስ ባጋጠመዎ ቁጥር «ልማድ ነው ወይስ ገና የሚሆን?» ብለው ይጠይቁ። ልማድ ከሆነ «አይ ጎ»፣ አስቀድሞ የታሰበ ዕቅድ ከሆነ «አይ አም ጎይንግ ቱ ጎ»፣ እዚያው የተወሰነ ወይም ቃል የተገባ ከሆነ «አይ ዊል ጎ» ይላሉ።

ሁለተኛው «ሄጃለሁ» ነው። «ትናንት ደውዬለታለሁ» የሚለው ጥሩ አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ያለፈ፣ ያለቀ ጊዜ ከተጠቀሰ ሃቭን አይቀበልምና «አይ ኮልድ ሂም የስተርደይ» ብቻ ነው የሚባለው። በደብተርዎ ሁለት ዓምድ ይሥሩ። በአንዱ የስተርደይ፣ ላስት ዊክ፣ ቱ ዴይዝ አጎ እና የመሳሰሉትን ያለቀ ጊዜ አመልካቾች፣ በሌላው አብዛኛውን ጊዜ ከሃቭ ጋር የሚሄዱትን ኤቨር፣ ኔቨር፣ የት («ገና» የሚለው)፣ ሲንስ የመሳሰሉትን ያስፍሩ፤ ዓረፍተ ነገር በሠሩ ቁጥር ወደ ዓምዱ ይመለሱ። «ለሦስት ዓመት እዚህ እየሠራሁ ነው» የሚለው ድርጊቱ ከኋላ ተነሥቶ እስከ አሁን ስለደረሰ «አይ ሃቭ ወርክት ሂር ፎር ስሪ ይርዝ» ይሆናል። ፎር የጊዜውን ርዝመት፣ ሲንስ ደግሞ የተጀመረበትን ነጥብ ያሳያል።

ሦስተኛውን ወጥመድ የመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ አይነኩትም፤ ምክንያቱም የተዘጋጁት ለማንኛውም አገር ተማሪ እንጂ ለአማርኛ ተናጋሪ አይደለም። «ተኝቷል»፣ «ቆሟል»፣ «ተቀምጣለች»፣ «ቀይ ቀሚስ ለብሳለች» ስንል በአማርኛ የተፈጸመ ድርጊት መልክ እንጠቀማለን፤ ትርጉሙ ግን አሁን ያለ ሁኔታ ነው። በሃቭ ቢተረጎም «ሂ ሃዝ ስሌፕት» ማለት ተኝቶ የተነሣ ያስመስላል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ «ኢንግ» ይፈልጋል፦ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስታንዲንግ»፣ «ሺ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሺ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ሬድ ድሬስ»። «ገብቶኛል» ደግሞ ተራው የአሁን ጊዜ ይበቃዋል፤ «አይ አንደርስታንድ»። ለዚህ የሚሆነው ልምምድ ቀላል ነው፦ ብዙ ሰዎች ያሉበትን አንድ ፎቶግራፍ ከስልክዎ ያውጡና እያንዳንዱ ሰው ምን እንደለበሰ፣ የት እንደቆመ ወይም እንደተቀመጠ፣ ምን እንደያዘ በእንግሊዝኛ ይግለጹ።

ከመደበኛው ሕግ የሚያፈነግጡትን ግሶች ረጅም ሠንጠረዥ ሰቅሎ በቃል ማጥናት አልመክርም። ለዕለታዊ ንግግር የሚያስፈልጉትን ሃያውን ይዘው ይጀምሩ፤ ጎ፣ ካም፣ ሲ፣ ሴይ፣ ቴል፣ ጊቭ፣ ቴክ፣ ባይ፣ ኢት እና የመሳሰሉት ይግቡበት። ለእያንዳንዳቸው ስለ ራስዎ ሕይወት አንድ እውነተኛ የኃላፊ ጊዜ ዓረፍተ ነገር ይሥሩ።

አምስተኛ እርምጃ፦ ትንንሾቹ ቃላት

ዘ ከእኛ «-ው» እና «-ዋ» ጋር በብዙ ቦታ ስለሚገጥም እንደሚባለው አስቸጋሪ አይደለም፤ «መጽሐፉ» ሲሉ «ዘ ቡክ» ይበሉ። የሚረሳው ኤ ነው። «አስተማሪ ነኝ» ስንል ምንም አንጨምርም፤ እንግሊዝኛ ግን የሚቆጠር ነጠላ ስም ባዶውን እንዲቆም ስለማይፈቅድ «አይ አም ኤ ቲቸር» ይላል። ኤ እና አንን የሚለየው ድምፅ ነው እንጂ ፊደል አይደለም፤ ስለዚህ «አን አወር»፣ «ኤ ዩኒቨርሲቲ» ይባላል። ብዙ ቁጥርን በሚመለከት አማርኛ «ሦስት መጽሐፍ» ማለትን ይፈቅዳል፤ በእንግሊዝኛ ከአንድ በላይ ከሆነ «ስሪ ቡክስ» ግዴታ ነው። አድቫይስ፣ ኢንፎርሜሽን እና ፈርኒቸር ግን በእኛ ቢቆጠሩም በእንግሊዝኛ አይቆጠሩም፤ «ኤ»ም ሆነ የብዙ ቁጥሩ «ስ» አይጨመርባቸውም።

መስተዋድድ «በ» ብቻውን የአምስት ቃላትን ሥራ ይሠራል። በጠዋት «ኢን ዘ ሞርኒንግ»፣ በሰኞ ዕለት «ኦን መንደይ»፣ በሁለት ሰዓት «አት ኤይት ኦክሎክ»፣ በአውቶቡስ «ባይ ባስ»፣ በቢላ «ዊዝ ኤ ናይፍ»። (የሰዓት አቆጣጠራችን በስድስት ሰዓት ስለሚለይ ቀጠሮ ሲይዙ መስተዋድዱን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩንም ይለውጡ።) እነዚህን አምስት ሐረጎች በአንድ የውሎ ታሪክ ውስጥ አስገብተው ይጻፉ። በተቃራኒው ደግሞ አማርኛ «ስለ» ወይም «ከ… ጋር» በሚልበት ቦታ እንግሊዝኛ ምንም የማይፈልግባቸው ግሶች አሉ፤ «ስለ ዋጋው ተወያየን» የሚለው «ዊ ዲስከስት ዘ ፕራይስ»፣ «ከእርሷ ጋር ተጋባ» የሚለው «ሂ ማሪድ ኸር» ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የማረሚያው ገጽ

አንድ ተማሪ በግራው ገጽ እንዲህ ጽፏል እንበል፦

«የስተርደይ አይ ሃቭ ጎን ቱ ማርኬት ዊዝ ማይ ሲስተር። ዊ ባይ ስሪ ኪሎ ፖቴቶ። ዘ ሴለር ኢዝ ሴይ ቱ ፕራይስ። ማይ ሲስተር ዲድንት አግሪድ። ዊ ዲስከስት አባውት ዘ ፕራይስ ኤንድ ሺ ጊቭ አስ ዲስካውንት።»

ጽሑፉ በማግሥቱ ሦስት ጊዜ ይነበባል፤ በየንባቡ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ንባብ ግሶቹ ብቻ ይታያሉ። የስተርደይ ስላለ «ሃቭ ጎን» ወደ «ዌንት»፣ «ባይ» ወደ «ቦት»፣ «ጊቭ» ወደ «ጌቭ» ይለወጣሉ፤ «ኢዝ ሴይ» ሁለት ግስ የተጋጨበት በመሆኑ «ሴድ» ይሆናል፤ «ዲድንት አግሪድ» የኃላፊ ጊዜውን ምልክት ሁለት ጊዜ ስለተሸከመ «ዲድንት አግሪ» ይባላል። በሁለተኛው ንባብ ስሞቹ ይታያሉ፤ «ስሪ ኪሎዝ ኦፍ ፖቴቶዝ»። በሦስተኛው ንባብ ትንንሾቹ ቃላት ይታያሉ፤ «ቱ ዘ ማርኬት»፣ «ሴድ ዘ ፕራይስ»፣ «ኤ ዲስካውንት» ይሆኑና ከዲስከስት ቀጥሎ ያለው አባውት ይሰረዛል። ተማሪው ሦስቱንም በአንድ ንባብ ለማረም ቢሞክር ግማሹን ማለፉ አይቀርም።

ታርሞ የተገለበጠውን ጮክ ብለው ያንብቡና ድምፅዎን በስልክዎ ይቅዱት፤ ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ እያዳመጡ ሳያዩ ይጻፉት። ሰው ካለ አንዱ እያነበበ ሌላው ይጻፍ። ይህ የቃል ጽሕፈት አሜሪካ ላሉ የዜግነት አመልካቾች በቀጥታ ይጠቅማል፤ በፈተናው ከሚነበቡላቸው እስከ ሦስት የሚደርሱ ዓረፍተ ነገሮች አንዱን በትክክል መጻፍ ይጠበቅባቸዋልና። የትርጉም መተግበሪያ ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ አራሚ መጠቀም አይከፋም፤ ቦታው ግን ከራስዎ እርማት በኋላ ነው። በአማርኛ ጽፈው በስልክ ካስተረጎሙት ልምምዱን የሠራው ስልኩ ነው።

ካረሙት መካከል ተደጋግሞ የመጣውን ብቻ በመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ላይ ይመዝግቡ፤ አንድ ቀን ብቻ የታየ ስሕተት የድካም ሊሆን ይችላል። ከተመዘገቡት ውስጥ በየሳምንቱ መጀመሪያ አንዱን ይምረጡና በዚያ ሳምንት የሚጽፉት ሁሉ እርሱን የሚጠይቅ ይሁን። ዲድ ካስቸገረዎ ያላደረጓቸውን ነገሮች ይጻፉ፤ «ኢንግ» ካስቸገረዎ መስኮት ላይ ሆነው የሚያዩትን ይጻፉ። ስሕተቱ በተከታታይ አራት ጽሑፎች ውስጥ ካልታየ ከመዝገቡ ይሰርዙትና ወደሚቀጥለው ይለፉ። መዝገቡ ሲሳሳ የሌላን ሰው ንግግር ወደ ማስተላለፍ ይሻገሩ። አማርኛ «እመጣለሁ አለ» ብሎ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ያስቀምጣል፤ «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም» ቢባል ግን የሚመጣው እርስዎ ይመስላሉ፤ «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም» መባል አለበት። በቀን ውስጥ ሰዎች ከነገሩዎት ሦስት ነገሮችን መርጠው በዚህ መልክ ማታ ማታ ይጻፏቸው።